ከቪዲዮ ጌም የመጣን የእርሻ ቦርድ ጌም እንዴት እንገምግም?

የእህቴ ልጅ ስታርዲው ቫሊ የሚባለውን የእርሻ ቪዲዮ ጌም በኮምፒውተር ስትጫወት ሦስት ዓመት ሆኗታል። ከእሱ የተሠራውን የሰሌዳ ጨዋታ (ቦርድ ጌም) ገዝቼ ስመጣ ከሁላችንም በላይ የፈነጠዘችው እሷ ነበረች። ቅዳሜ ከሰዓት ጠረጴዛ ላይ ዘረጋነው። አራት ሆነን ተጫወትን። መሸ። ተሸነፍን። ዕቃውን ወደ ሣጥኑ እየመለስን ሳለ «ደስ ይላል አክስቴ፤ ግን ያስቸኩላል» አለችኝ።

ግምገማዬን የጻፍኩት በዚያች አንድ ቃል ዙሪያ ነው። ቪዲዮ ጌሙን የሚወዱት ሰዎች የሚወዱት ስለማያስቸኩል ነው። ሰሌዳው ደግሞ ያስቸኩላል። ይሄ ለውጥ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ? ለማን? ከስክሪን ወደ ጠረጴዛ የመጣ ጨዋታ ሲገመገም ትልቁ ሥራ ይህችን ዓይነት ለውጥ ማግኘት ነው። ሌላው ሁሉ ከእሷ ቀጥሎ ይመጣል።

ከዚህ በታች ያለው እኔ የምከተለው መንገድ ነው። ምሳሌዬ ስታርዲው ቫሊ ነው። ጽሑፍ ለምትጽፉም፣ ዩቲዩብ ላይ ለምታወሩም፣ ለጓደኞቻችሁ ቴሌግራም ላይ ለምትልኩም ይሆናል።

1. መጀመሪያ እናቲቱን እወቁ

ከሌላ ነገር ተወስዶ የተሠራ ጨዋታ ሁለት ጥያቄ ይጠየቃል። አንደኛ፣ ራሱን የቻለ ጥሩ ጨዋታ ነው ወይ? ሁለተኛ፣ የእናቱ ልጅ ነው ወይ? ሁለተኛውን ለመመለስ እናቲቱን ማወቅ የግድ ነው።

ስታርዲው ቫሊን የሠራው ኤሪክ ባሮን የሚባል አሜሪካዊ ነው። ብቻውን ነው የሠራው፤ ሥዕሉንም፣ ሙዚቃውንም፣ ታሪኩንም፣ ኮዱንም። አራት ዓመት ተኩል ገደማ ፈጅቶበት በፌብሩዋሪ 2016 ወጣ። ታሪኩ ቀላል ነው። ጆጃ በሚባል ትልቅ ኩባንያ ውስጥ የሚሠራ ሰው ኑሮው ያንገሸግሸዋል። ሥራውን ጥሎ አያቱ ያወረሱት እርሻ ላይ ይገባል። አረም ይነቅላል፣ ዘር ይዘራል፣ ዓሣ ያጠምዳል፣ ማዕድን ይቆፍራል፣ ከመንደሩ ሰው ጋር ይወዳጃል።

የጨዋታው ቀን ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ያልቃል፤ በእኛ አቆጣጠር ማለቴ ነው። አንዱ ወቅት 28 ቀን ነው። አራቱ ወቅት ሲደመር 112 ቀን፣ አንድ ዓመት። ቀኑ ይሮጣል። ዓመቱ ግን አይሮጥም። በሦስተኛው ዓመት መጀመሪያ የአያት መንፈስ መጥቶ ሥራችሁን ይመዝናል። ውጤቱ ካላስደሰታችሁ አልማዝ አቅርባችሁ እንደገና ታስመዝናላችሁ። ከፈለጋችሁ ዐሥር ዓመት ማረስ ትችላላችሁ። ማንም «ተሸነፍክ» አይላችሁም።

ይህን ከሰው አፍ ሰምታችሁ አትለፉት። ቢያንስ አንድ ሙሉ ወቅት ራሳችሁ ተጫወቱ። ጊዜ ካጣችሁ ጨዋታውን ከሚወድ ሰው አጠገብ አንድ ሰዓት ተቀመጡና ሲጫወት እዩት። እኔ ከእህቴ ልጅ ጎን ተቀምጬ ነው የገባኝ። ዝናብ የዘነበ ቀን «ዛሬ ማጠጣት የለብኝም» ብላ ደስ አላት። በዚያ ቀን ምንም ትልቅ ነገር አልሠራችም። ወንዝ ዳር ሄደች፣ ለአንድ ሽማግሌ ስጦታ ሰጠች፣ ተኛች። ያ ነበር ደስታው።

ስትጨርሱ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ፦ «ሰዎች ይህን ጨዋታ የሚወዱት ... ስለሆነ ነው»። ወረቀቱን አስቀምጡት። በኋላ ትፈልጉታላችሁ።

2. ሕጉን አንብቡ፣ ከዚያ ብቻችሁን ሞክሩት

የሰሌዳው ጨዋታ የወጣው በፌብሩዋሪ 2021 ነው። ባሮን ከሰሌዳ ጨዋታ ሠሪው ከኮል ሜዴይሮስ ጋር ሁለት ዓመት ተኩል ያህል ደክመውበታል። ከ1 እስከ 4 ሰው ይጫወተዋል። ሣጥኑ ላይ ለአንድ ተጫዋች 45 ደቂቃ፣ ዕድሜ ከ13 በላይ ይላል።

አጨዋወቱን ባጭሩ ልንገራችሁ፤ ቀጥሎ የምለው እንዲገባችሁ። ተጫዋቾቹ ሁሉ አንድ ወገን ናቸው። ሁለት ነገር አብረው መፈጸም አለባቸው። አንዱ አያት የተዉላቸውን አራት ግቦች ማሳካት ነው። ግቦቹ በየጨዋታው በዕጣ ይወጣሉ። ሌላው የፈረሰውን የመንደሩን የማኅበረሰብ ማዕከል፣ ስድስቱንም ክፍል፣ በመዋጮ ማደስ ነው። መዋጮው ምን እንደሆነ መጀመሪያ አይታወቅም። ካርዱ ተገልብጦ ይቀመጣል። ለመግለጥ «ልብ» የሚባል የወዳጅነት ምልክት ይከፈላል። ልብ የሚገኘው ደግሞ ከመንደሩ ሰዎች ጋር በመወዳጀት ነው።

በየዙሩ መጀመሪያ አንድ የወቅት ካርድ ይገለጣል፤ የዙሩን ዕጣ ፈንታ ይናገራል። ከዚያ ተጫዋቾች ይመካከራሉ፤ ማን ወዴት ይሂድ? ከዚያ እያንዳንዱ በሰሌዳው ላይ እየተንቀሳቀሰ ሥራውን ይሠራል። በተለመደው ጨዋታ የወቅት ካርዶቹ 16 ናቸው። ካርዱ ሲያልቅ ጨዋታው ያልቃል። ሁሉም ካልተሟላ ሁሉም ተሸነፈ።

መጀመሪያ ብቻችሁን የምትጫወቱት ሕጉን ለመማር ነው። ሰው ጠርታችሁ፣ እሱ እየጠበቀ እናንተ መጽሐፉን የምትገልጡ ከሆነ ሰውየው ጨዋታውን አይወደውም። ጥፋቱ የጨዋታው አይደለም፤ ግን ግምገማችሁ ውስጥ ይገባል። ብቻችሁን ስትጫወቱ ያልገባችሁን ሕግ ሁሉ ምልክት አድርጉ፤ ሁለት ጊዜ ያነበባችሁትንም እንዲሁ። መመሪያው ግልጽ ነው አይደለም የሚለውን በኋላ የምትጽፉት ከዚያ ምልክት ተነሥታችሁ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ፤ ሣጥኑን ከከፈታችሁበት ጀምሮ የመጀመሪያው ካርድ እስኪገለጥ ያለውን ደቂቃ በስልካችሁ ቁጠሩ። ይህ ጨዋታ ብዙ ትንንሽ ቁርጥራጭ አለው፦ ሰብሉ፣ ዓሣው፣ ማዕድኑ፣ ከዱር የሚለቀመው። መደርደሩ ራሱ ሥራ ነው። ሣጥኑ ላይ ያለው 45 ደቂቃ የመደርደሩን አይነግራችሁም።

3. ሦስት ጊዜ፣ በተለያየ የሰው ቁጥር

አንድ ጊዜ ተጫውቶ መጻፍ ለዚህ ዓይነት ጨዋታ አይበቃም። ግቦቹም መዋጮውም በዕጣ ስለሚወጡ አንዱ ጨዋታ ሌላውን አይመስልም። ዝቅተኛው ሦስት ነው፦ አንድ ጊዜ ብቻችሁን፣ አንድ ጊዜ ለሁለት፣ አንድ ጊዜ ለአራት።

ለአራት ሲሆን 45 በ4፣ ሦስት ሰዓት ማለት ነው። ይህን ለአንባቢያችሁ በሚገባው መንገድ ንገሩት። እኛ ቤት ቡናው ሲቆላ ጀምረን በረካው ተጠጥቶ ሲኒው ሲታጠብ ገና የመጨረሻው ወቅት ላይ ነበርን። ስለ ቡና ካነሣሁ፣ ሲኒውን ሰሌዳው ላይ አታስቀምጡ። ለእሱ ሌላ ትንሽ ጠረጴዛ አዘጋጁለት።

ተጫዋቾቹን አቀላቅሉ። ቪዲዮ ጌሙን በደንብ የሚያውቅ አንድ፣ ምንም የማያውቅ አንድ፣ በአጠቃላይ ጨዋታ የማይወድ ግን ለእናንተ ሲል የሚቀመጥ አንድ። ከሦስቱ ብዙ የምትማሩት ከመጨረሻው ነው። ስልኩን መቼ እንዳነሣ ዓይናችሁን አትንቀሉ። እኛ ጋ ወንድሜ ስልኩን ያነሣው በ6ኛው ዙር ነው። ምክንያቱን ኋላ ላይ እነግራችኋለሁ።

በየወቅቱ መጨረሻ ሁለት ደቂቃ ውሰዱና መዝግቡ፦ ስንት ልብ አለን? ስንት የመዋጮ ካርድ ተገለጠ? ስንት ክፍል ታደሰ? የአያት ግብ ስንቱ ሞላ? ማን ደስ ብሎታል? ማን ደክሞታል? ጨዋታው ካለቀ በኋላ አስታውሳለሁ ብላችሁ አትመኑ። የመጨረሻው ሃያ ደቂቃ ስሜት የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሰዓታት ይሸፍናቸዋል። ያሸነፈ ሁሉንም ደስ የሚል አድርጎ ያስታውሳል። የተሸነፈ ደግሞ በተቃራኒው።

4. ምን ተለወጠ? ለምን?

የግምገማው ልብ እዚህ ነው። ጊዜ ስጡት።

ወረቀት ላይ መስመር አስምሩ። በግራ የቪዲዮ ጌሙን ነገር ጻፉ፣ በቀኝ ሰሌዳው ላይ ምን እንደሆነ። «አለ ወይስ የለም?» ብሎ መጠየቅ በቂ አይደለም። ዓሣ ማጥመድ አለ፣ ማዕድን አለ፣ ዶሮና ላም አለ ብሎ መቁጠር ዝርዝር እንጂ ግምገማ አይሆንም። «ያንኑ ስሜት ይሰጣል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ጊዜን እንውሰድ። ቪዲዮ ጌሙ ዓመቱን 112 ቀን አድርጎታል። ሰሌዳው 16 ካርድ አድርጎታል። አካፍሉት፤ አንዱ ዙር ሰባት ቀን ይሆናል። አንድ ሳምንት። እዚህ ላይ ቆም ብዬ አሰብኩበት። በቪዲዮ ጌሙ አንድ ቀን በከንቱ ቢያልፍ ምንም አይደለም፤ ነገ አለ። በሰሌዳው አንድ ዙር በከንቱ ካለፈ ሳምንት ሄደ፣ የዓመቱ አንድ አሥራ ስድስተኛ ሄደ። ወንዝ ዳር ዝም ብሎ የመሄጃ ቀን የለም። የእህቴ ልጅ «ያስቸኩላል» ያለችው ይህን ነው።

ግን ፍርድ ከመስጠታችሁ በፊት «ለምን?» በሉ። አራት ሰው ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ ማለቂያ የሌለው ጨዋታ ሊጫወት አይችልም። መጨረሻ ያስፈልጋል። በጋራ ጨዋታ ደግሞ የሚሸነፍ ተቀናቃኝ ሰው ስለሌለ ተጫዋቹ ከጨዋታው ከራሱ ጋር መታገል አለበት፤ ያለዚያ ምክክሩ ምን ሊሆን ነው? ስለዚህ ሠሪዎቹ የቀን መቁጠሪያውን ራሱን ባላጋራ አደረጉት። እኔ ይህን ውሳኔ እረዳዋለሁ። ያም ሆኖ ለስሜቱ የተከፈለው ዋጋ ቀላል አይደለም። ግምገማችሁ ሁለቱንም መናገር አለበት፦ ምክንያቱንም፣ ዋጋውንም።

ሁለተኛ ዓሣ ማጥመድን ተመልከቱ። በስክሪን ላይ የእጅ ሥራ ነው። ዓሣው ይፈራገጣል፣ እናንተ ቁልፉን እየተጫናችሁ እየለቀቃችሁ ትከተሉታላችሁ። መጀመሪያ ያስቸግራል፣ በኋላ እጅ ይለምደዋል። ሰሌዳው ላይ ዳይስ ይጣላል። የወጣው ምልክት ከዓሣው ጋር ከገጠመ ተያዘ። የእጅ ጥበብ የነበረው ዕድል ሆነ። ሌላ አማራጭ ነበራቸው ወይ? እውነቱን ለመናገር ብዙ አይታየኝም። ዳይሱ ሲንከባለል ግን አራቱም ሰው አንገቱን አስግጎ ያያል፣ ይጮኻል። በስክሪን ላይ ዓሣ ስትይዙ የሚያጨበጭብላችሁ የለም። እዚህ ያጣነውንና ያገኘነውን ጎን ለጎን ጻፍኩት።

ሦስተኛ ወዳጅነት። በቪዲዮ ጌሙ እያንዳንዱ የመንደሩ ሰው የሚወደውና የሚጠላው አለው። ለአቢጌል አሜቲስት የሚባለውን ሐምራዊ ድንጋይ ስትወስዱላት የምትወደው መሆኑን አውቃችሁ ነው። ጠዋት ተነሥታችሁ አስባችሁበት ነው። ሰሌዳው ላይ ሰዎቹ ከካርድ ክምር በዕጣ ይወጣሉ። ማን እንደሚመጣ አታውቁም። በእጃችሁ ያለው ስጦታ ለመጣው ሰው ይሆን እንደሆነ ታያላችሁ። ልቡ ይገኛል፤ ሰውየው ግን ሩቅ ይሆናል። ለእኔ የዚህ ቅጂ ትልቁ ጉድለት ይህ ነው። ጎረቤትነት ማለት ማንን እንደምትጎበኝ ማወቅ ነው። እዚህ ልብ እንደ ገንዘብ ተሰብስቦ ካርድ መግለጫ ሆኗል።

አራተኛው ጆጃ ነው። በቪዲዮ ጌሙ ምርጫ አላችሁ። ከፈለጋችሁ የማኅበረሰብ ማዕከሉን ትታችሁ የጆጃ አባል ትሆናላችሁ፤ በገንዘብ ሁሉን ታሠራላችሁ። ያን የሚመርጥ ሰው አለ። ሰሌዳው ላይ ይህ ምርጫ የለም። ጆጃ እንቅፋት ብቻ ነው። ለጋራ ጨዋታ ይሄ ልክ ነው እላለሁ። አራት ሰው ተቀምጦ ግማሹ ለጆጃ፣ ግማሹ ለመንደሩ ቢሆን ጨዋታው ሌላ ጨዋታ ይሆናል።

አሁን በመጀመሪያው ደረጃ ያስቀመጣችሁትን ወረቀት አውጡ። «ሰዎች የሚወዱት ... ስለሆነ ነው» ያላችሁትን አንብቡ። ከዝርዝራችሁ ውስጥ የትኛው ለውጥ እሱን ይነካዋል? ያኛው የግምገማችሁ መክፈቻ ነው።

5. ደቦ ነው ወይስ አንድ ሰው የሚያዝበት?

ገበጣ፣ ዳማ፣ ቼዝ፣ ካርታ፤ ብዙዎቻችን ያደግንበት ጨዋታ አንዱ ሌላውን የሚያሸንፍበት ነው። ስለዚህ ብዙ አንባቢ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ «ማን አሸነፈ?» ብሎ ነው። ቶሎ ግልጽ አድርጉለት። እኔ «ደቦ ነው» ብዬ ጀመርኩ፤ ወዲያው ገባቸው። የአንድ ሰው ማሳ ሊታጨድ ሁሉም ማጭዱን ይዞ ይመጣል። ዝናቡ ሳይቀድም መጨረስ ነው።

ቪዲዮ ጌሙ ራሱ ሲወጣ የብቻ ጨዋታ ነበር። አብሮ መጫወት የተጨመረበት በ2018 ነው። ሰሌዳው ግን ከመጀመሪያውም በትብብር ላይ ተሠርቷል። ስለዚህ ትብብሩን ለብቻው ፈትሹት።

የጋራ ጨዋታዎች ሁሉ የሚታወቁበት አንድ በሽታ አለ። በ2008 ከወጣው ፓንደሚክ ከሚባለው የጋራ ሰሌዳ ጨዋታ ጀምሮ ብዙ የተወራለት ነው። ከሁሉም የተሻለ የሚያውቀው ሰው ለሁሉም ያስባል። «አንተ ወደ ማዕድኑ፣ አንቺ ወደ ወንዙ።» ሌሎቹ እጁ ይሆናሉ። ወንድሜ በ6ኛው ዙር ስልኩን ያነሣው ለዚህ ነበር። ሦስት ዙር ሙሉ የት መሄድ እንዳለበት ሌላ ሰው ወስኖለት ነበር።

መፈተኛው ቀላል ነው። በሁለተኛው ጨዋታ ላይ ለሁለት ዙር ያህል አዋቂውን ሰው «በራስህ ተራ ብቻ ተናገር» በሉት። ከዚያ እዩ። ሌሎቹ ምን እንደሚያደርጉ ያውቃሉ? የየራሳቸው ሥራ አላቸው? ጨዋታው ለዚህ መድኃኒት አስቀምጧል። እያንዳንዱ ሰው ሙያና መሣሪያ ይይዛል፦ ማጠጫ፣ መቆፈሪያ፣ የዓሣ ማጥመጃ፣ ቦርሳ። የእኔ ሥራ ይህ ነው ለማለት ያስችላል። እኛ ጋ በከፊል ሠራ። ወንድሜ መቆፈሪያውን ይዞ «ማዕድኑን ለእኔ ተዉት» ሲል ዓይኑ በራ። የመጨረሻዎቹ አራት ዙሮች ሲደርሱ ግን ጊዜ ስላጠረ ሁሉም ስሌት ሆነ። ስሌት ሲሆን ደግሞ ፈጣን አሳቢው ተመልሶ አለቃ ሆነ።

ግምገማ ውስጥ «ትብብሩ ጥሩ ነው» ብቻ አትበሉ። በስንተኛው ዙር ማን ምን እንደሆነ ንገሩት። አንባቢው የራሱን ቤተሰብ ያውቃል። ቤት ውስጥ ማን እንደሚያዝም ያውቃል።

6. ዕድሉን መዝኑ

በዚህ ጨዋታ ዳይስ አለ፣ ከከረጢት የሚወጣ አለ፣ የሚገለጥ ካርድ አለ። አንዳንዱ ሰው ይህን ሲያይ «ሎተሪ ነው» ብሎ ይዘጋዋል። አትቸኩሉ። እርሻ ራሱ ዕድል አለበት። ገበሬ ዝናቡን አያዝም። ግን ቀድሞ ያረሰና ያላረሰ ገበሬ በአንድ ዝናብ እኩል አይሆኑም። ጨዋታውም በዚህ ይመዘን። የተዘጋጀ ሰው ይጠቅመዋል ወይ?

መሣሪያን ማሻሻል እዚህ ይገባል። የተሻለ መቆፈሪያ ወይም ማጥመጃ ያለው ሰው መጥፎ የዳይስ ውጤትን የማስተካከል አቅም ያገኛል። ጥሩ ሐሳብ ነው። ማሻሻሉ ግን ጊዜ ይበላል፤ ጊዜው ደግሞ 16 ዙር ብቻ ነው። ቀድማችሁ ብታሻሽሉና ብትዘገዩ ልዩነቱን በሁለት የተለያዩ ጨዋታዎች ሞክሩት።

ከእያንዳንዱ ሽንፈት በኋላ ለሁሉም አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «እንደገና ብንጀምር ምን ትለውጣለህ?» መልስ ካላቸው ዕድሉ በመጠን ነው። «ምንም፤ ካርዱ አልወጣልንም» ካሉ ችግር አለ። እኛ ሦስት ጊዜ ስንሸነፍ ሁለቱን ጊዜ መልስ ነበረን፦ የመዋጮ ካርዶቹን ዘግይተን ነበር የገለጥናቸው። ልብ መሰብሰብ የነበረብን በመጀመሪያው ወቅት ነው። አንዱን ጊዜ ግን የሚያስፈልገን ዓሣ እስከ መጨረሻው አልመጣም። ያን ቀን ጠረጴዛው ላይ የነበረው ዝምታ ደስ አይልም ነበር። እንዳለ ጻፍኩት።

7. ዕቃው

እዚህ ላይ አትቆዩ። አንባቢ ፎቶ ያያል። ሥዕሉ እንደ ቪዲዮ ጌሙ በነጥብ በነጥብ የተሠራ ሳይሆን በእጅ የተሣለ ዓይነት ነው። እኔ ወደድኩት። ፎቶ ሊነግረው የማይችለውን ንገሩት፦ ጠረጴዛው ምን ያህል መሆን እንዳለበት፣ በማታ መብራት ጽሑፉ ይነበብ እንደሆነ፣ ትንንሾቹን ቁርጥራጮች የሚለያይ ዕቃ ያስፈልግ እንደሆነ። እኛ ትንንሽ የኬክ ሳህኖች ተጠቀምን። ሕፃን ያለበት ቤት ከሆነ ቁርጥራጮቹ አፍ ውስጥ የሚገቡ መሆናቸውን አስታውሱት።

8. በአማርኛ ስትጽፉ

ካርዶቹ በእንግሊዝኛ ናቸው። ይህን ከመጀመሪያው ተናገሩ። ካርዱ ላይ ጽሑፍ ስላለ አንብቦ የሚያስረዳ ሰው ጠረጴዛው ላይ ያስፈልጋል። እናቴ ስትጫወት እኔ አነብላት ነበር። ጨዋታው ላይ ምሥጢር ስለሌለና ሁሉም ስለሚመካከር ይሄ ከሌሎች ጨዋታዎች ይልቅ እዚህ ቀላል ነው። ለአያትና ለልጅ ልጅ አብሮ ለመጫወት የሚመች አንዱ ነገሩ ይህ ነው።

የቃላቱ ጉዳይ ግን አስቡበት ይላል። ለምሳሌ ለማዕከሉ የሚሰበሰበውን ነገር መጽሐፉ እንደሚለው «ጥቅል» ብላችሁ ብትተረጉሙት ምንም አይናገርም። «መዋጮ» ስትሉት ሁሉም ይገባዋል፤ መንደሩ የሚሠራው ያንኑ ነውና። ከዱር የሚሰበሰበው «ለቀማ» ነው። ሰው ዘርቶ መጀመሪያ የሚያጭደው ፓርስኒፕ የሚባል ሥር አለ፤ አማርኛ ስም አላገኘሁለትም። «ነጭ ካሮት የመሰለ» ብዬ አለፍኩ።

ከሁሉም የሚያሳስተው ወቅቱ ነው። የጨዋታውን አራተኛ ወቅት «ክረምት» ብላችሁ ከጻፋችሁ አንባቢው ዝናብ፣ ጭቃ፣ በሬ ይታየዋል። ለእኛ ክረምት የማረሻና የመዝሪያ ጊዜ ነው። በጨዋታው ግን በረዶ የሚጥልበት፣ ውጭ የተዘራው ሰብል የሚሞትበት ወቅት ነው። ፍጹም ተቃራኒ! ስለዚህ «የበረዶው ወቅት» በሉ። እናቴ «በክረምት ለምን አንዘራም?» ብላ ስትጠይቀኝ ነው የነቃሁት።

9. አሁን ጻፉት

መክፈቻው ላይ ያገኛችሁትን ለውጥ አስቀምጡ። ከዚያ አጨዋወቱን በአንድ አንቀጽ። ሕጉን በሙሉ አትተርጉሙ፤ አንባቢው መማር ከፈለገ መመሪያው አለ። ከዚያ የንጽጽሩን ሁለት ወይም ሦስት ነጥብ ምረጡ። ሁሉንም አትጻፉ። የጠረጴዛውን ታሪክ አስገቡ፤ ሰው የሚያምነው እሱን ነው።

ምን ያህል ጊዜ፣ ስንት ሆናችሁ፣ ስንት ሰዓት እንደተጫወታችሁ በቁጥር ጻፉ። ገዝታችሁት ነው ወይስ ተሰጥቷችሁ? እሱንም። ስለ ዋጋ፣ ሲወጣ 55 ዶላር ነበር፤ መጀመሪያ የተሸጠውም አሜሪካ ውስጥ ነው። አዲስ አበባ ወይም ዱባይ ሆኖ ለሚያነብ ሰው የመላኪያው ዋጋ ከጨዋታው ዋጋ ጋር ተደምሮ ሌላ ሒሳብ ነው። ሰው የሚመጣለት ከሆነ ግን ሣጥኑ ሻንጣ ውስጥ ምን ያህል ቦታ እንደሚይዝ በፎቶ አሳዩት። ከሻንጣ ጎን አድርጋችሁ አንሡት።

ከዐሥር ስንት የሚለውን ነጥብ እኔ አልሰጥም። በምትኩ ለማን እንደሚሆን እናገራለሁ። ስለ ስታርዲው ቫሊ የጻፍኩት ይህን ነው፦ ቪዲዮ ጌሙን ለዕረፍት የሚጫወት ሰው ይህን ሲከፍት ያንኑ ዕረፍት አይጠብቅ። ሦስት ሰዓት አብሮ መቀመጥ፣ መመካከር፣ መቸኮል፣ አንድ ላይ መሸነፍ የማያስከፋው ቤተሰብ ካለ ይግዛው። ለብቻ ወይም ለሁለት ሲሆን ጊዜው ያጥራል፣ አለቃም አይበዛም፤ እኔ በሁለት ነው የምወደው።

ከመላካችሁ በፊት ቪዲዮ ጌሙን ለሚወደው ሰው አስነብቡት። የእህቴ ልጅ አንድ ቦታ ላይ አስቆመችኝ። ስለ ዓሣው የጻፍኩት ላይ «እጅ ይለምደዋል» የሚለውን ያስጨመረችኝ እሷ ናት። እኔ «ያስቸግራል» ብዬ ብቻ ትቼው ነበር።

ከወር በኋላ ሁለታችን ብቻችንን እንደገና ተጫወትን። የመዋጮ ካርዶቹን በመጀመሪያው ወቅት ገለጥን፤ በ16ኛው ካርድ ላይ የመጨረሻውን ክፍል አደስን። ግምገማው ሥር አንድ መስመር ጨመርኩ፦ «ለሁለት ሆነን አሸንፈናል፤ ከሽንፈቶቹ በኋላ»። ቀኑንም ጻፍኩበት።